ከኤፍቲፒ እስከ ሜታሊንክ፦ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ስርጭት ታሪክ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው የተፈቀደ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ፈቃዱ ግን በተግባር ትርጉም የሚኖረው ፕሮግራሙ ካለበት ሰርቨር ተነሥቶ በደኅና ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነው። ፕሮግራሞቹን የሚያዘጋጁት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሌላቸው የበጎ ፈቃደኞች ስብስቦች በመሆናቸው፣ ሥራቸውን ለዓለም ሲያዳርሱ የኖሩት ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ኔትወርኮችና የኢንተርኔት ድርጅቶች በነፃ በፈቀዱላቸው ሰርቨሮች አማካይነት ነው። የዋናውን ማከማቻ ይዘት በየጊዜው እየገለበጡ የሚያቀርቡት እነዚህ ሰርቨሮች ሚረር ይባላሉ። በሚረሮች ታሪክ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው አያውቁም፤ አንደኛው ፋይሉን ከየት ማውረድ ይሻላል የሚለው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የወረደው ፋይል አዘጋጆቹ ያወጡት ያው ፋይል ለመሆኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለሁለቱም መልስ የመፈለጉ ሸክም እጅግ ለረጅም ጊዜ በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ተጥሎ ቆይቷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ኢንተርኔት የተወለደበት የአሜሪካው አርፓኔት ጥቂት ኮምፒውተሮችን ብቻ ያገናኝ በነበረበት ጊዜ፣ በኤፕሪል 1971፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት አብሃይ ቡሻን ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚተላለፍበትን ደንብ በጽሑፍ አቀረቡ፤ ኤፍቲፒ የተባለው ይህ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት የጋራ ደንብ፣ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ በ1985 ለረጅም ዘመን የጸናውን መልክ ያዘ። ከኤፍቲፒ ጋር አብሮ የዳበረው ልማድ ከደንቡ ያልተናነሰ ዋጋ ነበረው፤ ይኸውም በሰርቨሩ ላይ የተመዘገበ ስም የሌለው እንግዳ ሰው ሁሉ «አኖኒመስ» በሚል የወል ስም ገብቶ ለሕዝብ የተቀመጡትን ፋይሎች እንዲወስድ የሚፈቅደው አሠራር ነው። ሶፍትዌርን ያለ ክፍያና ያለ ውል ለማያውቁት ሰው መስጠት በቴክኒክ ረገድ የተቻለው በዚህ ልማድ ነው።

ሪቻርድ ስታልማን በሴፕቴምበር 1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ካወጁ በኋላ፣ ሥራዎቹን ለማግኘት የነበረው መንገድ ሁለት ዓይነት ነበር። ኔትወርኩ የደረሰው ሰው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከሚገኘው ሰርቨር በኤፍቲፒ ይወስዳል፤ ያልደረሰው ደግሞ ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የያዘውን ማግኔቲክ ቴፕ ከስታልማን በ150 ዶላር ያስልካል። ኔትወርኩ በደረሰበትም ቢሆን መስመሩ ጠባብ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ዩኒቨርሲቲዎችን ያገናኘበት ዋና መስመር በ1988 ከተሻሻለ በኋላ እንኳ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት ያህል ነበር፤ ይህም የአንድ ሰፊ አገር ተመራማሪዎች በሙሉ ይጋሩት የነበረው መስመር ዛሬ አንድ ተራ የእጅ ስልክ ከሚያገኘው ያነሰ ነበር ማለት ነው። ውቅያኖስ ተሻጋሪዎቹ መስመሮች ከዚህም የጠበቡ ስለነበሩ፣ መቶ ሰዎች አንዱን ፋይል በየግላቸው ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ከሚያመጡት አንድ ጊዜ መጥቶ እዚያው ቢቀመጥ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ከችግር የመነጨ ነበር፤ ሚረርም የተወለደው ከዚህ ነው።

የሚረር ጥቅም ግን መስመር በመቆጠብ ብቻ አልተወሰነም። በኒው ሜክሲኮ በዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ጣቢያ ይገኝ የነበረው ሲምቴል 20 የተባለው ሰርቨር በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የነፃ ፕሮግራሞች ማከማቻዎች አንዱ ነበር፤ ሰርቨሩ በ1993 ሲዘጋ ስብስቡ አብሮ ያልጠፋው በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘውን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት ይዘቱን ሲገለብጡ ስለኖሩ ነው።

ሰርቨሮቹ ሲበዙ ደግሞ የሚፈለገው ፋይል በየትኛው ላይ እንዳለ ማወቅ ራሱን የቻለ ችግር ሆነ። በ1990 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የባርቤዶስ ተወላጅ አለን ኤምቴጅ አርቺ የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ፤ አርቺ የኤፍቲፒ ሰርቨሮችን የፋይል ዝርዝር በየጊዜው እየሰበሰበ፣ የፋይል ስም ለሚያቀርብለት ሰው ፋይሉ የሚገኝባቸውን ቦታዎች የሚነግር ሲሆን፣ የኢንተርኔት የመጀመሪያው መፈለጊያ ተደርጎ ይቆጠራል። አርቺ የሚያውቀው ስምን ብቻ ነበር፤ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ያሉ ስማቸው አንድ የሆነ ፋይሎች በይዘታቸውም አንድ ይሁኑ አይሁኑ ሊናገር አይችልም ነበር። ይህ ጉድለት በዘመኑ ብዙም አላሳሰበም፤ ዳፋው የታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

በሴፕቴምበር 1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የጻፉት የስርዓተ ክወና እምብርት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተቀመጠው በፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ፣ በፉኔት ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ ማውጫውን ሊኑክስ ብለው የሰየሙት የሰርቨሩ ተቆጣጣሪ አሪ ለምኬ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ቴድ ጾ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሰሜን አሜሪካ ተጠቃሚዎች ቅጂውን አኖሩ፤ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲና በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነበሩት ትላልቅ ማከማቻዎችም ተከተሉ። ሊኑክስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሄልሲንኪ ወደ ዓለም የተዳረሰው በማንም ኩባንያ ገንዘብ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲዎች የዲስክ ቦታቸውንና መስመራቸውን ሳይሰስቱ ስለሰጡ ነው፤ ይህ ውለታ በሶፍትዌር ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

ከየት ማውረድ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመልስ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የፐርል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተጠቃሚዎች ሥራ ነው። በ1995 ያርኮ ሂየታኒየሚ የፐርልን ፕሮግራሞች በሙሉ የሚይዘውን ሲፓን የተባለ ማከማቻ በፉኔት ላይ ለሕዝብ ከፈቱ፤ ቶም ክርስቲያንሰን ደግሞ የጠያቂውን አድራሻ ተመልክቶ ቅርብ ወደሚመስለው የሲፓን ሚረር የሚመራ ፕሮግራም ጻፉ። ተጠቃሚው አንድ አድራሻ ብቻ ይይዛል፣ የቀረውን ሰርቨሩ ይወስናል፤ ይህ አሠራር በሌሎች ፕሮጀክቶች ዘንድ የተለመደው ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ሲታሰብ፣ የፐርል ሰዎች ዘመናቸውን ቀድመው ነበር ማለት ይቻላል።

ቀጣዩ እርምጃ ሚረሮቹ ራሳቸው ከዋናው ማከማቻ የሚገለብጡበትን መንገድ የለወጠ ነው። በኤፍቲፒ የሚሠሩት የመገልበጫ ፕሮግራሞች የፋይሉን መጠንና ቀን እያነጻጸሩ፣ ልዩነት ያገኙበትን ፋይል እንዳለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወርዱት ነበር፤ የአንድ ትልቅ ፋይል ጥቂት ክፍል ብቻ ቢለወጥም ሁሉም እንደገና ይመጣል። በጁን 1996 አውስትራሊያውያኑ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ አርሲንክ የተባለውን ፕሮግራም አወጡ። በአርሲንክ አሠራር ተቀባዩ በእጁ ያለውን አሮጌ ፋይል በእኩል ክፍሎች ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መለያዎችን ያሰላል፤ አንደኛው በፍጥነት የሚሰላ ደካማ መለያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለማስላት የሚከብድ ግን እጅግ አስተማማኝ የሆነ መለያ ነው። ላኪው እነዚህን መለያዎች ተቀብሎ በአዲሱ ፋይል ላይ ባይት በባይት እየተራመደ ተመሳሳይ ክፍሎችን ይፈልጋል፤ ደካማው መለያ የተመሳሰለበትን ቦታ በጠንካራው ያጣራና ተቀባዩ ዘንድ የሌለውን ክፍል ብቻ ይልካል። የሐሳቡ ውበት ሁለቱ ፋይሎች በአንድ ቦታ ሳይገናኙ ልዩነታቸው መታወቁ ላይ ነው። ትሪጅል ይህንን ሥራ በካንቤራ ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ በዝርዝር አብራርተውታል፤ ታላላቅ የሶፍትዌር ማከማቻዎች እስከ ዛሬ ሚረሮቻቸውን የሚያድሱት በአርሲንክ ነው።

በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ፕሮጀክት ለሚረሮቹ የአገር ኮድ ያዘለ ስም ሰጣቸው፤ የጀርመኑ ሚረር በጀርመን ኮድ፣ የጃፓኑ በጃፓን ኮድ ይጠራል። ቅጂው በሚታደስበት ሰዓት የፋይሎቹ ዝርዝር ከፋይሎቹ ቀድሞ ከደረሰ ተጠቃሚው ገና ያልመጣ ፋይል እየጠየቀ ስሕተት ስለሚገጥመው፣ የዴቢያን ሚረሮች በሁለት ዙር እንዲታደሱ ተደረገ፤ በመጀመሪያው ዙር ፕሮግራሞቹ ይመጣሉ፣ በሁለተኛው ዝርዝሩ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ተራው ተጠቃሚ የሚቀርብለት ረጅም የአድራሻ ዝርዝር ነበር፤ ከእነዚህ አንዱን በግምት ይመርጣል፣ ቢዘገይበት ትቶ ሌላውን ይሞክራል፣ 650 ሜጋባይት የሚመዝን የሲዲ ፋይል አውርዶ ሊጨርስ ሲል መስመሩ ቢቋረጥበት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የተመረጠው ሚረር ያረጀ ቅጂ ይዞ እንደሆነም የሚያስጠነቅቀው አልነበረም።

የሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የወረደው ፋይል እውነተኛነት በምን ይረጋገጣል የሚለው፣ ክብደቱ በገሃድ የታየው በ2002 ነው። በጁላይ መጨረሻ አንድ ሰርጎ ገብ ኮምፒውተሮችን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያገለግለውን ኦፕንኤስኤስኤች የተባለ ፕሮግራም በአዘጋጁ በኦፕንቢኤስዲ ፕሮጀክት ዋና ሰርቨር ላይ ትሮጃን በያዘ ቅጂ ተካው፤ ትሮጃን ማለት መልካም በሚመስል ፕሮግራም ውስጥ የተሸሸገ ጎጂ ኮድ ነው። ሚረሮቹ የተለወጠውን ፋይል በታማኝነት ገልብጠው አሰራጩት። ነገሩ የተደረሰበት ፍሪቢኤስዲ በተባለው ስርዓተ ክወና የፕሮግራም መጫኛ ውስጥ አስቀድሞ ተመዝግቦ የነበረው ሃሽ ከወረደው ፋይል ጋር አልስማማ በማለቱ ነው። ሃሽ ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ አጭር የቁጥርና የፊደል ድርድር ሲሆን፣ ከፋይሉ አንዲት ባይት እንኳ ብትለወጥ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ሴንድሜይል የተባለው ኢሜይል አስተላላፊ ፕሮግራም በተመሳሳይ መንገድ ተበከለ፤ በኦገስት 2003 ደግሞ የግኑ ፕሮጀክት ዋና የኤፍቲፒ ሰርቨር ከማርች ወር ጀምሮ በሰርጎ ገብ እጅ እንደነበረ ተገለጠ፤ ፋይሎቹም ከታመኑ የሃሽ መዝገቦች ጋር አንድ በአንድ እየተመሳከሩ መመርመር ነበረባቸው። እነዚህ ክስተቶች ያስተማሩት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ የሰርቨሩ ስም ለፋይሉ ዋስትና አይሆንም፣ ዋስትናው ከፋይሉ ይዘት ጋር የተያያዘና በሌላ መንገድ የደረሰ ማስረጃ ነው። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው ኤምዲ5 የተባለው የሃሽ ስሌት ራሱ በ2004 ቻይናዊቷ የሒሳብ ሊቅ ዋንግ ሺያዩንና ባልደረቦቻቸው ሁለት የተለያዩ ይዘቶች አንድ ሃሽ ሊኖራቸው እንደሚችል በተግባር ስላሳዩ ታማኝነቱን አጣ፤ ሻ-256 የተባለው ጠንካራ ስሌትም ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ።

በጁላይ 2001 ብራም ኮኸን ያወጡት ቢትቶረንት የስርጭቱን ችግር ከሌላ አቅጣጫ ተመለከተው። ፋይሉ በክፍሎች ይከፋፈላል፣ የእያንዳንዱ ክፍል ሃሽ በአንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ አስቀድሞ ይጻፋል፣ የሚያወርዱት ሰዎችም የደረሳቸውን ክፍል ለሌሎች እያቀበሉ ይቀጥላሉ፤ በ2003 የሬድ ሃት ሊኑክስ 9ኛ እትም ሲወጣ የዚህ አሠራር ጥንካሬ በሰፊው ታየ። ይሁን እንጂ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ቢትቶረንትን በኔትወርካቸው ላይ ስለሚከለክሉ፣ አዲስ እትም ካልሆነም አቀባዮቹ እየሳሱ ስለሚሄዱ፣ ሚረሮቹን ሊተካ አልቻለም።

አንቶኒ ብራያን በ2005 የጀመሩት ሜታሊንክ ከእነዚህ ሁሉ የተገኘውን ልምድ በአንድ ላይ ያቀናጀ ሐሳብ ነው። ሜታሊንክ ኤክስኤምኤል በተባለው ኮምፒውተር በቀላሉ በሚያነበው አጻጻፍ የተዘጋጀች ትንሽ ፋይል ስትሆን፣ ስለሚወርደው ትልቅ ፋይል መታወቅ ያለበትን ሁሉ ትይዛለች፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ የሙሉውን ፋይል ሃሽ፣ የየክፍሎቹን ሃሽ፣ የአዘጋጁን ዲጂታል ፊርማ፣ የሚገኝባቸውን ሚረሮች በሙሉ ከነአገራቸውና ከነቅደም ተከተላቸው፣ ካለም የቢትቶረንቱን አድራሻ። አውራጁ ፕሮግራም ይህችን ፋይል አንብቦ ተጠቃሚው ላለበት አገር የሚቀርበውን ሚረር ይመርጣል፤ ሚረሩ ቢወድቅ ማንንም ሳያስቸግር ወደ ቀጣዩ ይሻገራል፤ ቢያስፈልግ የተለያዩ ክፍሎችን ከተለያዩ ሚረሮች በአንድ ጊዜ ያወርዳል፤ አንድ ክፍል ተበላሽቶ ቢመጣም ሌላው ሳይነካ ያንን ክፍል ብቻ ከሌላ ቦታ ደግሞ ያመጣል። ለዘመናት ሰው በዓይኑ እያነበበ ሲወስንበት የነበረው ዝርዝርና በገዛ እጁ ሲያመሳክረው የነበረው ሃሽ በዚህ መንገድ ለኮምፒውተሩ ተላለፈ። ሐሳቡ አዲስ የሒሳብ ግኝት አልነበረውም፤ ትልቅነቱ የሚረሩ ዝርዝርና የፋይሉ ማስረጃ ተነጣጥለው መቀመጥ እንደማይገባቸው በመገንዘቡ ነው። ጃፓናዊው ታትሱሂሮ ጹጂካዋ የጻፉት አሪያ2 የተባለው አውራጅ ፕሮግራም ሜታሊንክን በሚገባ ከተጠቀሙት አንዱ ሲሆን፣ ኦፕንኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራምና ኦፕንሱዜ የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወናም ፋይሎቻቸውን በዚህ መልክ ማቅረብ ጀመሩ።

የሚረሮች አቅም ምን ያህል እንደደረሰ በጁን 2008 ታየ። ሞዚላ የኢንተርኔት ማሰሻውን ፋየርፎክስ 3ን ባወጣበት ዕለት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂዎች ወርደው በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፈሩ፤ ጭነቱን ከተሸከሙት መካከል የበጎ ፈቃድ ሚረሮች ይገኙበታል። በዚያው ዘመን ፒተር ፖምል ለኦፕንሱዜ ሚረርብሬን የተባለውን ስርዓት ሠሩ። ሚረርብሬን እያንዳንዱን ሚረር በየጊዜው እየመረመረ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንዳለ ይመዘግባል፣ ጥያቄ ሲመጣለት የጠያቂውን አገር ገምቶ ፋይሉ በእርግጥ ወዳለበት ቅርብ ሚረር ይመራል፣ ሜታሊንክ ለሚፈልግም እዚያው አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ በኋላ ሊብረኦፊስም ተጠቅሞበታል። እዚህ ላይ በካርታ መቀራረብ ሁልጊዜ በኔትወርክ መቀራረብ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በአፍሪካ ጎረቤት አገሮች መካከል የሚላክ ዳታ ለረጅም ጊዜ በአውሮፓ በኩል ይዞር ስለነበር፣ አዲስ አበባ ላለ ተጠቃሚ ናይሮቢ ያለ ሰርቨር ከፍራንክፈርቱ ይልቅ የሚፈጥን ላይሆን ይችላል፤ ለዚህ ችግር የሜታሊንኩ መንገድ፣ ማለትም ብዙ አድራሻ ሰጥቶ አውራጁ እየሞከረ የተሻለውን እንዲይዝ መተው፣ ከሰርቨሩ ግምት የበለጠ ፍትሐዊ ነው።

በዚያው በ2008 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ጀስቲን ካፖስና ባልደረቦቻቸው የሚረር ስርዓቱ ምን ያህል በቅን ልቡና ላይ የተመሠረተ እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ሰርቨር ተከራይተው፣ በሌለ ድርጅትና በሌለ ተቆጣጣሪ ስም ሚረር ለመሆን ቢያመለክቱ፣ ኡቡንቱን፣ ፌዶራን፣ ኦፕንሱዜን፣ ሴንትኦኤስንና ዴቢያንን ጨምሮ የጠየቁት የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ፕሮጀክት ሁሉ ተቀበላቸው። ዲጂታል ፊርማ ያለበትን ፕሮግራም ክፉ ሚረር ሊለውጠው አይችልም፤ ነገር ግን የታወቀ ቀዳዳ ያለበትን፣ ፊርማው ግን ትክክለኛ የሆነውን አሮጌ እትም እንደ አዲስ እያቀረበ ተጠቃሚውን በአደጋ ላይ ሊያቆየው ይችላል። ፌዶራ ለዚህ የሰጠው መልስ ሜታሊንክ ነበር፤ የተጠቃሚው ኮምፒውተር የሚረሮቹን ዝርዝር የያዘውን ሜታሊንክ በተመሰጠረ መስመር ከፌዶራ ከራሱ ይቀበላል፣ በውስጡም የማከማቻው የወቅቱ የፕሮግራሞች ማውጫ ሃሽ ስላለ ያረጀ ማውጫ የሚያቀርብ ሚረር ወዲያው ይታወቃል። ዴቢያን ደግሞ በማውጫው ላይ የሚያበቃበትን ቀን ጻፈ። ካፖስና ተባባሪዎቻቸው በ2010 ያቀረቡት ተፍ የተባለው የሶፍትዌር ዝማኔን ደኅንነት የሚጠብቅ ንድፍ ከዚህ ጥናት የተነሣ ነው።

ሜታሊንክ በጁን 2010 ቁጥር 5854 በተሰጠው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ጸደቀ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ቁጥር 6249 የሆነው ሰነድ የሚረሮቹን አድራሻና ሃሹን ሰርቨሩ በሚሰጠው ምላሽ ራስጌ ውስጥ ለማስገባት የሚያስችለውን መንገድ ደነገገ። ይሁን እንጂ ትላልቆቹ የኢንተርኔት ማሰሻዎች አንዳቸውም ሜታሊንክን በውስጣቸው አላካተቱም፤ ይህ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስቆጭ ክፍል ነው፤ ያለ እነሱ ተራው ሰው ሃሽ የማመሳከሩን ሥራ በእጁ ይሥራ ወይም ጭራሹን ይተወው ማለት ሆነ። ዋጋውም ተከፍሏል። በፌብሩዋሪ 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃ አድራሻው ቡልጋሪያ ወደሚገኝ የተበከለ ቅጂ ተመራ፤ በሜይ 2017 ሃንድብሬክ የተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ከሚወርድባቸው ሁለት ሰርቨሮች አንዱ ለአራት ቀናት ያህል የተበከለ የማክ ቅጂ ሲያድል ቆየ፤ በእነዚያ ቀናት ያወረደ ሰው የመበከል ዕድሉ እኩል ለእኩል ነበር።

ከ2013 ጀምሮ ብዙ ፕሮጀክቶች ከበጎ ፈቃድ ሚረሮች ወደ ይዘት ማከፋፈያ ኔትወርኮች፣ ማለትም በመላው ዓለም ሰርቨሮች ዘርግተው ፋይልን ከቅርብ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ የፓይተን ማከማቻ በ2013፣ ዴቢያን በ2016፣ የአፓቼ ፋውንዴሽን በ2021 ይህን መንገድ ያዙ። ፍጥነቱና ምቾቱ የማይካድ ቢሆንም፣ በጁን 2021 ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ፋስትሊ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲቋረጥ በዓለም ታዋቂ የሆኑ በርካታ ድረ ገጾች አብረው ጠፍተዋል፤ በመቶ ተቋማት የተበተነ ስርዓት እንዲህ ባለ አንድ ምት አይወድቅም። ዴቢያን በኖቬምበር 2017 ለሕዝብ የከፈተውን የኤፍቲፒ አገልግሎት ዘጋ፤ በጁላይ 2021 ፋየርፎክስ ኤፍቲፒን ከውስጡ ሲያወጣ፣ በዚያው ወር ከርል የተባለው በሰፊው የሚሠራበት አውራጅ ፕሮግራም ለሜታሊንክ የነበረውን ድጋፍ ሰረዘ። ለዚህ ያበቃው የሐሳቡ ድክመት አልነበረም፤ በአተገባበሩ የተገኙ የደኅንነት ጉድለቶች ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ ሃሹ ያልተስማማውን ፋይል ሳያጠፋ በተጠቃሚው ዲስክ ላይ መተው ነበር።

ሜታሊንክ ለሰው ዓይን በማይታይበት ቦታ ግን እየሠራ ነው፤ ፌዶራ የተጫነበት ኮምፒውተር ዝማኔ ለመፈለግ የማከማቻውን መረጃ ሲያድስ፣ የሚረሮቹን ዝርዝርና የማውጫውን ሃሽ የሚያገኘው ዛሬም ከሜታሊንክ ፋይል ነው።